ደሴ ያሰፋሁት የፈቃድ ማህደርና የሽጉጥ አፎት፦ ከስድስት ወር በኋላ

ነሐሴ ውስጥ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነበር፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋጉ ወርዶ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም። ኬላ ላይ አስቆሙኝ። ሽጉጤ ቀኝ ወገቤ ላይ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ከሽጉጡ ትንሽ ከፍ ብሎ። ፖሊሱ "ወረቀት" አለኝ። እኔም ምንም ሳልናገር እጄን ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩ።

ከጎን ጥይት ሲቀባበል ሰማሁ። "እጅ! እጅህን!"

ሁለተኛ ፖሊስ መኖሩን እንኳ አላየሁም ነበር። እጄን ባዶውን ቀስ ብዬ አወጣሁና መሪው ላይ አደረግኩ። የመጨረሻ ልጄ እኩያ ቢሆን ነው። ባትሪው በእጁ ሲንቀጠቀጥ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ይወዛወዝ ነበር። እኔን ካስፈራኝ በላይ እሱ ፈርቶ ነበር። በኋላ ፈቃዴን አይተው በሰላም ሸኙኝ። ቤቴ ገብቼ ግን እራት አልበላሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሽጉጥ እንዳለኝ አልተናገርኩም፣ እጄንም ወደ ሽጉጡ ሰደድኩ። እሱ ከዚህ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

እህል ነጋዴ ነኝ። መጋዘኔ ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ደሴ ነው። ያችን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን መንገድ በሳምንት አራት ቀን እመላለስባታለሁ። ስለዚህ ነገሩን እንዲሁ ልተወው አልቻልኩም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ቆዳ ሰፊ አለ ብለው ላኩኝ። ጠባብ ቤት ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ቀበቶ፣ የፈረስ ልጓም፣ የጫማ ሶል፣ ሁሉንም ይሠራል። የሆነውን ነገርኩት። መርፌውን አስቀምጦ ሰማኝ።

"ጋሼ፣ ፈቃድዎን በየትኛው እጅዎ ነው የሚያወጡት?"

"በቀኝ።"

"ሽጉጡስ የት ነው?"

"በቀኝ ወገቤ።"

"እንግዲያ ነገሩ እዚሁ ጋ ነው። ፈቃዱ ከወገብዎ ይራቅ። ሲያስቆሙዎት እጅዎ ወደ ታች የሚሄድበት ምክንያት አይኑር።"

ሁለት ነገር ሠራልኝ። አንደኛው አንገት ላይ የሚንጠለጠል የፈቃድ ማህደር ነው። የበሬ ቆዳ ነው፣ የመዳፍ ያህል፣ ፊቱ ላይ ፕላስቲክ መስኮት አለው። ፈቃዱና መታወቂያው ጀርባና ጀርባ ሆነው ይገባሉ። ከልብሴ በላይ፣ ደረቴ ላይ ይውላል። ዋጋው 650 ብር። ሁለተኛው የሽጉጥ አፎት ነው፣ 2,400 ብር። እኔ አፉ ክፍት የሆነውን፣ ቶሎ የሚመዘዘውን ነበር የፈለግኩት። አልሰፋም አለኝ።

"ክዳን ያለው ነው የምሠራልዎ። ለመክፈት ጊዜ ይፈጃል። ያ ጊዜ ለእርስዎም ለፖሊሱም ይጠቅማል።"

ደንበኛ የጠየቀውን አልሠራም የሚል ነጋዴ አያጋጥመኝም። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ዛሬ ግን በዚህ አፎት ላይ ከሁሉ የምወደው ክዳኑን ነው። ተጎንብሼ ጆንያ ስቆጥር ሽጉጡ አይወጣም፣ እጀታውም አይታይም። ስፌቱ ድርብ ነው፤ እስካሁን አንድ ክር አልተፈታም። ቆዳው መጀመሪያ ላይ ደረቅ ብሎ ወገቤን ይልጠኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ታገሱት፣ ይላላል።

ጉድለቱን ልናገር። የማህደሩ ፕላስቲክ ደሴን አይወዳትም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ስወጣ ፕላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል። አንድ ማታ ፖሊሱ ፎቶዬን ለማየት በአውራ ጣቱ ሲጠርገው ነበር፤ እርጥበቱ ግን ከውስጥ ነው። አሁን ትንሽ ጥጥ ከሥር አድርጌበታለሁ፣ ተሽሏል። ገመዱም ጥቁር ነው። በጨለማ ጥቁር ካፖርት ላይ አይታይም። ነጭ ወይም ቢጫ አሰፉ።

ማህደሩ ብቻውን ግን ምንም አያድንም፤ አፍም አብሮ መሥራት አለበት። አሁን ኬላ ከሩቅ ሳይ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ስቆም የውስጡን መብራት አበራለሁ፣ መስኮቱን አወርዳለሁ፣ ሞተር አጠፋለሁ፣ ሁለቱን እጄን መሪው ላይ አኖራለሁ። ሳይጠይቁኝ ቀድሜ እናገራለሁ።

"ልጄ፣ እንደምን አመሸህ? ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቀኝ ወገቤ ላይ አለ። ፈቃዱ አንገቴ ላይ ነው። እንዴት ላድርግ?"

መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ ዋናዋ ናት። እሱ ይወስን። "አይንኩት ጋሼ፣ ይውረዱ" ያለኝ አለ። ማህደሩን ራሱ ከደረቴ ላይ አንብቦ "ይሂዱ" ያለኝም አለ። ሽጉጡን መዝዤ ላሳይ ብዬ አላውቅም፣ አላደርገውምም። ከፈለገ ራሱ ይፍታው። የምከራከረው ነገር ካለኝ በማግስቱ ጣቢያ ሄጄ እከራከራለሁ። ጨለማ ውስጥ፣ መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር፣ መንገድ ላይ አልከራከርም።

አብሯችሁ ለሚሳፈርም ንገሩ። አንድ ቀን ልጄ አጠገቤ ነበር። ሊረዳኝ ብሎ ሊብሬውን ለማውጣት ከፊቱ ያለውን የመኪናውን ኪስ በድንገት ከፈተ። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። "ተው፣ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ" አልኩት። አሁን ሊብሬውም ከፊት፣ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ነው።

ፈቃዱ ራሱ ከሌለ ደግሞ ማህደሩን ምን ልታደርጉት ነው? በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱ ላይ የተጻፈውና መሣሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆኑን ከቤት ሳትወጡ እዩ። ሠርግና ለቅሶ ስሄድ ሽጉጤን እቤት ቆልፌ ነው የምሄደው። በሰው መሀል፣ ጩኸት ባለበት፣ ማንም እጄን ሊያይልኝ አይችልም።

ለአፎቱ ከአምስት አምስት፣ ለማህደሩ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ባለሙያው ቀጠሮ ያከብራል፤ ሐሙስ ያለኝን ሐሙስ አስረከበኝ። ቅድሚያ ግማሹን ይቀበላል። ደረሰኝ አይሰጥም፣ ይህን ቢያስተካክል ደስ ይለኛል።

ለወንድሜም አንድ ማህደር አዝዣለሁ። ሐይቅ ከተማ ነው የሚኖረው፣ የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ ሌሊት ሌሊት በእግሩ ነው የሚመላለሰው። ለእሱ ገመዱ ቢጫ ይሁን ብያለሁ። የኔንም ሰኞ ወስጄ አስቀይራለሁ።