ፋሚሊሰርች፦ የዩታው የትውልድ ሐረግ ማኅበር ለሐበሻ ቤተሰብ ምን ያህል ይሠራል?

የዘር ሐረጋቸውን በጽሑፍ አስፍረው ለልጆቻቸው ማቆየት የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም በውጭ አገር የሚኖሩ፣ የዘር ሐረግ መመዝገቢያና መፈለጊያ ድረ ገጽ የሆነውን ፋሚሊሰርችን ከሞከሩ በኋላ ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት የማይሰጠውን ነገር ጠብቀው ስለሚገቡ ነው ብዬ አምናለሁ። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ አካውንት መክፈት ብቻ በቂ ነው። ሆኖም የአያትን ስም ጽፎ የቅድመ አያትን ታሪክ የሚጠብቅ ሐበሻ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል።

የአገልግሎቱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ፣ በሶልት ሌክ ሲቲ የተመሠረተው የዩታ የትውልድ ሐረግ ማኅበር ነው። ያቋቋመችው በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሪቻርድስ ነበሩ። ማኅበሩ በ1938 የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦችን በማይክሮፊልም (ገጾችን እጅግ አሳንሶ በሚይዝ ፊልም) ማንሳት ጀመረ። በ1960ዎቹ ደግሞ ከከተማዋ አቅራቢያ የግራናይት ድንጋይ ተራራ አስፈልፍሎ ፊልሞቹን የሚያኖርበት ግምጃ ቤት ሠራ። በ1999 ድረ ገጹ ተከፈተ፤ 2.4 ሚሊዮን የሚሆኑትን የማይክሮፊልም ጥቅሎች ወደ ዲጂታል የመቀየሩ ሥራም በ2021 ተጠናቀቀ። ከጽሑፉ ላይ ስሞችን እየለቀሙ መፈለጊያ ሲያዘጋጁ የኖሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በአንድ ማኅበር ጥረት ይህን ያህል ወረቀት ከጥፋት መዳኑ ሊደነቅ ይገባዋል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሀብት የቆመው ቀድሞ በተጻፈ ወረቀት ላይ ነው፤ የእኛ ችግር የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ) ቢደነግግም ድንጋጌዎቹ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውሉ ቆይተዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ በኩል ያለው ተስፋም ቅርብ አይደለም። የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች በስም የሚከፈቱት ከ72 ዓመት በኋላ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ የተከፈተው የ1950 ቆጠራ ነው፤ አብዛኛው ሐበሻ ደግሞ አሜሪካ የገባው ከአብዮቱ ወዲህ ነው። ስለዚህ ፋሚሊሰርች ለእኛ በአሁኑ ጊዜ ከመፈለጊያነት ይልቅ ማስቀመጫነቱ ይበልጣል።

በማስቀመጫነቱ ሲመዘን ጥሩ ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ሲወጡ በእናት በኩልም እኩል ቦታ ይሰጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእኛ የስም አጠራር በአባት ብቻ ስለሚወርድ የእናት አያት ስም ከመታወቂያም ከፓስፖርትም ውጭ ነው። በርስት ዘመን ግን አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ካስቀረ ወዲህ፣ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ከመቁጠር በቀር፣ የእናትን ወገን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እያነሰ መጥቷል። በማራገቢያ ቅርጽ የሚታየው ሠንጠረዥ ይህን ክፍተት በአንድ እይታ ያጋልጣል፦ የአባት ጎን እስከ ምንዥላት ሞልቶ የእናት ጎን ከአያት ላይ ሊቆም ይችላል።

የስም አጻጻፉ አስቸጋሪ ነው። ቅጹ የተዘጋጀው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ በመሆኑ «የመጨረሻ ስም» የሚል ሳጥን አለው። እኔ የምመክረው በዚያ ሳጥን የእያንዳንዱን ሰው የአባት ስም ማስገባት ነው፤ ስለዚህ በየትውልዱ የሚለያይ ስም መታየቱ ስሕተት አይደለም። ወልደ ማርያምን የመሰለ ጥምር ስም ለሁለት ተከፍሎ ማርያም የአባት ስም እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ግራዝማችና ፊታውራሪ ለማዕረግ በተለየው ሳጥን ይግቡ። ዘመንን በተመለከተ፣ አዛውንቶች «በክፉ ቀን ማግስት» ወይም «ጣሊያን ሲገባ» የሚሉትን ወደ ግምታዊ ዓመት መቀየር ይቻላል፤ የተናገሩት ቃል ግን በማስታወሻው ውስጥ እንዳለ መስፈር አለበት፤ አለዚያ ግምቱ ከየት እንደመጣ ኋላ የሚያውቅ አይኖርም።

ሁለት ነገሮችን ከመጀመር በፊት ማሰብ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ስሞቹ የሚገቡበት የቤተሰብ ዛፍ የተጠቃሚዎች ሁሉ የጋራ መሆኑ ነው። በሕይወት ያሉ ሰዎች መረጃ ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት አይደለም፤ የሞቱትን ግን ሌላ ተጠቃሚም ሊያርማቸው ይችላል። ማን ምን እንደለወጠ ስለሚመዘገብ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ቢሆንም ዋናው ቅጂ በቤተሰቡ እጅ መቅረት አለበት። ሁለተኛው ሃይማኖታዊ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ሐረግ የምትቆጥረው በዋናነት ለሙታን በውክልና፣ ማለትም ሕያው ሰው በሟቹ ስም እየተጠመቀ፣ ጥምቀት ለመፈጸም ነው። በናዚ የተጨፈጨፉ አይሁድ ስም በዚህ መንገድ መግባቱ ቅሬታ አስነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ስምምነት ተደርሷል። አባላቱ የገዛ ዘመዶቻቸውን ስም ብቻ እንዲያቀርቡ ይታዘዛሉ። የኦርቶዶክስ፣ የእስላም ወይም የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ሊመክርበት ይገባል፤ ለእኔ አገልግሎቱን ለመተው በቂ ምክንያት ባይሆንም ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው ግን አያሳምነኝም።

ተቋሙ ጋናንና ናይጄሪያን በመሳሰሉ የአፍሪካ አገሮች ሠራተኞችን ወደየመንደሩ እየላከ፣ አዛውንቶች በቃል የያዙትን ሐረግ በድምፅና በጽሑፍ ሰብስቧል። ለእኛ የሚስማማው የአሠራር መንገድም ይኸው ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ፎቶግራፍና የድምፅ ቅጂ ከሰውዬው ገጽ ጋር ማያያዝ ስለሚቻል፣ ዘር የሚቆጥር አዛውንት በሕይወት ያለለት ቤተሰብ መጀመሪያ ድምፁን ይቅዳ፤ ስሞቹን ወደ ቅጹ ማስገባት ከዚያ በኋላም ይደርሳል። አዛውንቱ ላለፈበት ቤተሰብ ግን የአገልግሎቱ ጥቅም በግማሽ ይቀንሳል።