ኦሬንጅ ዊፕ፦ ችኩል እጅን ያስታግሳል፣ የዳሌን ጥፋት ግን አያሳይም

ኦሬንጅ ዊፕ አሜሪካዊው የጎልፍ አሠልጣኝ ጂም ሃከንበርግ የሠራው የመለማመጃ ዱላ ነው። ሙሉ መጠኑ 47 ኢንች (119 ሴንቲ ሜትር ያህል) ይረዝማል፤ ክብደቱ ወደ 800 ግራም ይጠጋል። ተራ ድራይቨር (ኳስን ሩቅ ለመምታት የሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ) ከ300 ግራም ብዙ ስለማያልፍ ልዩነቱ ገና ሲያነሱት ይታወቃል። ዘንጉ እንደ ልምጭ ይተጣጠፋል። ጫፉ ላይ ብርቱካናማ ኳስ፣ በመያዣው በኩል ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት አለው።

ትልቁ ጥቅሙ የክብደት ሽግግርን፣ ማለትም ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የማሻገርን ጊዜ ማስተማሩ ነው። (ቀኝና ግራ የምንለው በቀኝ ለሚመታ ሰው ነው።) ብዙ ጀማሪ ዱላው ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ወዲያው በክንዱ ጎትቶ ያወርደዋል። በተራ ዱላ ይህ ስህተት አይሰማም። በዚህኛው ግን ብርቱካናማዋ ኳስ ገና ወደ ኋላ እየሄደች ስለሆነ ዘንጉ ይንገጫገጫል፣ እጅንም ይነቀንቃል። ዘንጉ ጸጥ እንዲል መታገሥ ግድ ነው፤ ግራ እግር መሬቱን መጫን የሚጀምረው በዚያች ቅጽበት ነው። ጥሩ ተጫዋቾች እጃቸው ጫፍ ሳይደርስ ጫናው ወደ ግራ መመለስ ጀምሯል። ይህን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ ዱላው ግን አሥር ጊዜ ሲያወዛውዙት ያስይዛል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው ከወገብ እስከ ወገብ 10 ጊዜ ያወዛውዙ፤ ቀጥሎ ሳያቋርጡ 10 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያወዛውዙ። ከዚያ እግርዎን ገጥመው ይቁሙ፤ ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ ቀኙን ይጫኑ፣ ጫፍ ሳይደርስ ግራ እግርዎን ወደ ዒላማው አራምደው ያሳርፉ፣ ከዚያ ብቻ ያውርዱ። ይህን 5 ጊዜ ደግመው ወዲያው በ7 ቁጥር አይረን (ባለብረት ራስ መካከለኛ ዱላ) ጥቂት ኳስ ይምቱ፤ ስሜቱ ወደ እውነተኛው ዱላ የሚሻገረው ያኔ ነው። በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ መደጋገም ወገብን ያደክማል፣ የደከመ ወገብ ደግሞ መዞሩን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል።

ድክመቱም እዚህ ላይ ነው። ቀኝ ዳሌዎ ከቀኝ እግርዎ አልፎ ወደ ውጭ ቢንሸራተት ጫናው በጫማው የውጭ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ በጊዜ ስለማይመለስም ዱላው ከጎልፍ ኳሷ በፊት መሬት ይመታል። ወይም ዱላውን ሲያነሱ ክብደቱ ግራ እግር ላይ ይቀርና ሲያወርዱ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ያኔ የኳሷን አናት ይመታሉ፣ አለዚያም ኳሷ ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች። ሁለቱንም ስህተት ጊዜውን በጠበቀ እንቅስቃሴ መሥራት ስለሚቻል ኦሬንጅ ዊፕ ምንም አይነግርዎትም። ለመጀመሪያው ከቀኝ ጫማዎ የውጭ ጠርዝ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ማድረግ የተሻለ መድኃኒት ነው፤ ጫናው በእግሩ ውስጠኛ በኩል እንዲቆይ ያስገድዳል።

ለሁለተኛው ባለመርፌ የሰውነት ሚዛን ይበቃል። ቀኝ እግር ሚዛኑ ላይ፣ ግራው እኩል ከፍታ ባለው ሳንቃ ላይ ይሁን። ሲቆሙ ግማሽ ያህል፣ ዱላውን አንሥተው ጫፍ ላይ ሲገቱት ከግማሽ በግልጽ የበለጠ ማንበብ አለበት። ከቀነሰ ስህተቱ ተገኘ። ሚዛኑ የሚያነበው የቆመ ሰውነትን ብቻ ነው። እንቅስቃሴውን ቅጽበት በቅጽበት የሚያሳዩት እንደ ስዊንግ ካታሊስት ያሉ የጫና ሰሌዳዎች ናቸው፤ እነሱ ግን ዋጋቸው ለአሠልጣኝ ቤት እንጂ ለግለሰብ አይሆንም። ጫናን ማሻገር ሲባል ጭንቅላትን ወዲያና ወዲህ መውሰድ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ፤ ጭንቅላት ብዙም ሳይንቀሳቀስ እግር ሥራውን ይሠራል።

ከመጠኖቹ 43 ኢንቹ ለአጭር ሰው ይመቻል፤ 35.5 ኢንቹ ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ነው፤ ሙሉው ዝቅ ያለ ጣሪያ ይነካል። አጭሩ ግን መተጣጠፉ ስለሚያንስ ችኮላን እንደ ትልቁ አያጋልጥም። ሙሉው ከ100 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ፣ አስቀድመው የእርምጃውን ልምምድ በራስዎ 7 ቁጥር ለሁለት ሳምንት ይሞክሩ። ችግሩ የእጅ ችኮላ ከሆነ ይግዙት፤ የዳሌ መንሸራተት ከሆነ ገንዘቡን ለአንድ የአሠልጣኝ ሰዓት ያውሉት። ከገዙት ደግሞ የጎልፍ ኳስ በፍጹም አይምቱበት፤ ለማወዛወዝ ብቻ የተሠራ ነው።