ሽንሽኑ የአሸንዳ ማራዘሚያ፦ ከመሬት በላይ እሺ፣ ከመሬት በታች አይሞከርም

የበረንዳዬ ጣሪያ ትንሽ ነው፤ አራት ሜትር በሦስት። የሚያወርደው ውሃ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። 20 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን እንግዲህ 240 ሊትር በአንዲት ቱቦ ወርዶ የቤቱ መሠረት ላይ ይዘረገፋል። ማራዘሚያውን የገዛሁት ለዚህ ነው።

ዕቃው ከአሸንዳው መውረጃ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ እንደ አኮርዲዮን ሲስቡት ይረዝማል፤ ወደ ፈለጉበትም ይጠማዘዛል። አፉ ለክብም ለአራት ማዕዘንም መውረጃ ይሆናል። መጋዝ የለ፣ ማጣበቂያ የለ። የአበባ ማሰሮውን ዞሮ ሣሩ ላይ ሲደርስ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ግድግዳው ሥር ያለው አፈርም መጨቅየቱን አቆመ።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ከሽንሽኑ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጫፉን ብድግ አድርጌ አራገፍኩት። መጀመሪያ ውሃ ወጣ፣ ቀጥሎ ጥቁር ደለል። ወደ ውስጥ ሳይ በየሽንሽኑ ቦይ ጭቃ ተኝቷል፤ አንድ የቅጠል ዘንግ አግድም ተሰንቅሮ ሌሎቹን ቅጠሎች ከኋላው ሰብስቧቸዋል። መሬቱ ለጥ ያለ ከሆነ ውሃው እዚያው ይቀራል። የቆመ ውሃ ደግሞ የወባ ትንኝ ሰፈር ነው። ስለዚህ ቅበሩትና ተገላገሉ የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። ከላይ ያለውን ታራግፉታላችሁ፤ የተቀበረውን ማን ቆፍሮ ያራግፈዋል?

ሌላም አለው። ሲስቡት የረዘመው ቀስ እያለ ይሰበሰባል፤ ጫፉን በድንጋይ ካልያዛችሁት ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። መሰኪያውም ልል ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ፈንጠር ይላል። በብሎን አሰርኩት፤ ብሎኑ አጭር ይሁን፤ ወደ ውስጥ የገባ ሹል ቅጠል ይይዛል።

ለመቅበር ለሚያስብ ሰው ውስጡ ለስላሳ የሆነው ፒቪሲ ቱቦ ይሻላል። ጠጣር ስለሆነ እንደ ሽንሽኑ አይታዘዝም፣ ተቆርጦና ተለክቶ ነው የሚገጠመው። ግን ውሃው ደለሉን ይዞት ይሄዳል። በውሃ ልክ እየለካችሁ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ማዞር ካስፈለገ በአንድ የ90 ዲግሪ ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ) ከማጠፍ ሁለት የ45 ብታደርጉት ውሃው ሳይጋጭ ያልፋል፤ ሲደፈንም ሽቦ ለማስገባት ይመቻል። የቱቦው የአፍ ስፋት ከመውረጃው እንዳያንስ። አሸንዳው አፍ ላይ ወንፊት ማድረግ ደግሞ ከሁሉም በፊት ነው፤ ቅጠሉ ከላይ ካልተያዘ ታች የምትገጥሙት ሁሉ ይደፈናል።

ጫፉ ከቤቱ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ ወደ ጎረቤት ግን አይዙር። ከመጸዳጃ ቤት መስመር ጋር ማገናኘት የሚያስቡ አሉ። ተዉት፤ ዝናቡ ሲበረታ የመስመሩ ቆሻሻ ገንፍሎ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል።

ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። አልጣልኩትም። ውሃውን ከግድግዳው አርቆ የሚወስደው አሁን ፒቪሲው ነው። ከሽንሽኑ አንድ ክንድ የሚያህል ቆርጬ ጫፉ ላይ ሰክቼበታለሁ፤ አንዴ ወደ አበባው መደብ፣ አንዴ ወደ ሣሩ አዞረዋለሁ። ሲደፈን ነቅዬ አራግፈዋለሁ፣ መልሼ እሰካዋለሁ።