ለወርቅ ማጠቢያ የትኛው የውሃ ፓምፕ ይሻላል? ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚገዛ

ጎንደር ላይ የፓምፕ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ለመስኖ የምትፈልጉት ይመስለዋል። ስለዚህ ትልቁን ያሳያችኋል። ሽንኩርት ለሚያጠጣ ሰው ብዙ ውሃ ጥሩ ነው። ለወርቅ ግን ውሃው ከበዛ ደቃቁን ወርቅ ከአሸዋው ጋር ጠርጎ ይሄዳል። ካነሰ ደግሞ አሸዋው በማጠቢያው ሳጥን ላይ፣ ማለትም ውሃና አሸዋ እየፈሰሰበት ወርቁ በሚቀርበት ገንዳ ላይ፣ ተከምሮ ይቀራል።

መነሻችሁ የማጠቢያ ሳጥኑ ስፋት ይሁን። 25 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ሳጥን በደቂቃ ከ200 እስከ 400 ሊትር ይበቃል። በገበቴ ብቻ የምታጥቡ ከሆነ ፓምፕ አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘባችሁን አታውጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ። የፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ የሚሠራበት ቁጥር ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። መሳቡም ይቀንሳል። ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነው፤ እዚህ ደግሞ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። «8 ሜትር ይስባል» የተባለውን 5 ሜትር አድርጋችሁ አስቡት። ስለዚህ ፓምፑን ከገደሉ አናት ሳይሆን ውሃው አጠገብ አስቀምጡት። ወደ ላይ መግፋት ከመሳብ ይቀለዋል።

ሌላም አለ። ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ መካኒክ ለደጋ ያስተካክልላችኋል። ግን ያንኑ ፓምፕ ወደ መተማ ቆላ ይዛችሁ ከወረዳችሁ መልሳችሁ አስተካክሉት። አለዚያ ቤንዚን አንሶት ይግላል፣ ሞተሩም ይጎዳል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ባለ 1 ኢንቹ (ኢንቹ የቱቦው አፍ ስፋት ነው) ትንሽ ቤንዚን ፓምፕ፣ ለምሳሌ ሆንዳ ደብልዩ ኤክስ 10፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ ነው። በእግር ለሚጓዝ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በደቂቃ 140 ሊትር ቢባልም በደጋችንና ውሃውን ወደ ላይ ሲገፋ ከዚያ በደንብ ያንሳል። ስለዚህ ለጠባብ ሳጥን ብቻ ነው።

ባለ 2 ኢንቹ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በደቂቃ 600 ሊትር ይባላል። ጉልበቱ ሲቀንስም ለ25 ሴንቲ ሜትር ሳጥን የሚተርፍ ውሃ አለው፤ የሞተሩን ፍጥነት ቀነስ አድርጋችሁ ትሠሩበታላችሁ። መለዋወጫውም ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ለሁለት ሰው የምመክረው ይሄን ነው። ባለ 3 ኢንቹን ለመስኖ ተዉት፤ ይከብዳል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል።

በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ፓምፕ ድምፅ የለውም፤ ቤንዚንም አይፈልግም። ቤንዚን በጀሪካን መግዛት እንደ ልብ ባልሆነበት ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍ አድርጎ መግፋት ግን አይችልም። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ያንኑ ውሃ እያዞራችሁ በትንሽ ሳጥን ለማጠብ ይሆናል። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ከባለ 1 ኢንቹ ቤንዚን ይልቅ እሱን እመርጥለታለሁ።

የትኛውንም ብትገዙ፣ የቆሸሸው ውሃ ወንዝ ከመግባቱ በፊት የሚረጋበት ጉድጓድ ቆፍሩ። ከታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። የአንገረብ ግድብ ራሱ የከተማችን የመጠጥ ውሃ ነው፤ ከሱ በላይ ፈጽሞ አትጠቡ። ወርቅ ማጠብ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሞተር መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነም ብር ከመክፈላችሁ በፊት የክልሉን ማዕድን ቢሮ ጠይቁ።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ በደረቁ አስነስቶ ሊያሳያችሁ ይሞክር ይሆናል። አትፍቀዱ። ያለ ውሃ ከተሽከረከረ ውስጡ ያለው ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ («ሲል» የሚሉት) ይቃጠላል። በርሜል ውሃ አስመጥታችሁ፣ ቱቦውን አስገብታችሁ፣ ሲስብ በዓይናችሁ እዩ።