ጥርስ ማስነቀል ለምትፈሩ የጎንደር ሰዎች፦ ዶክተሯን ላመስግንላችሁ

የጥርስ ሐኪም ሲባል ገና እጄን ላብ ያጠምቀዋል። አስር ዓመቴ ላይ ሁለት ሰው እጅና እግሬን ይዞ፣ ማደንዘዣው ሳይሠራ ነው ጥርሴ የተነቀለው። ካደግሁ በኋላ ደፍሬ ሌላ ቦታ ሄድሁ። ወንበሩ ላይ ስንቀጠቀጥ «ትልቅ ሰው አይደለሽም እንዴ? ጊዜያችንን አታጥፊ» ተባልሁ፣ ያውም ሰው ፊት። እያለቀስሁ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት በቅርንፉድና በማስታገሻ ኪኒን፣ በአንድ ጎኔ ብቻ እያኘክሁ ኖርሁ። ዘንድሮ ለጥምቀት ጉንጬ አብጦ ታቦት ሳልሸኝ ቤት ቀረሁ። ጎንደር ተወልዶ ጥምቀትን ቤት መዋል ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እህቴ ናት ጎትታ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ዶክተር የወሰደችኝ። ፍርሃቴን ስነግራት አልተቆጣችም። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «የቱ ነው የሚያስፈራሽ? መርፌው ነው ወይስ ድምፁ?» አለችኝ። እስከዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እብጠቱን መጀመሪያ በመድኃኒት አስታግሳ ቀጠረችኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ፍርሃት የሚያረግብ፣ በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ ሰጠችኝ። ናይትረስ ኦክሳይድ ይሉታል፤ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ነው። እንደማያስተኛ፣ የማደንዘዣ መርፌውም እንደማይቀር ሳትደብቅ ነገረችኝ። እርጉዝ እንደሆንሁ፣ ጉንፋን እንዳለብኝም ጠየቀች። የማሽኑን አሠራር አላውቀውም። ትንሿን ጭምብል አፍንጫዬ ላይ አድርጋ «ግራ እጅሽን ካነሳሽ ወዲያው አቆማለሁ» አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቼ ሞቅ አሉ፣ ትከሻዬ ላላ። የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ፤ ያ ድንጋጤ ግን የለም።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ እጄን ያነሳሁት አሞኝ አልነበረም። ታቆም እንደሆነ ላያት ነው። አቆመች። መሣሪያውን ከአፌ አውጥታ «አይዞሽ፣ አለሁ» ብላ ጠበቀችኝ። ደግሜ አነሳሁ፤ አሁንም አቆመች። ሦስተኛ አላስፈለገኝም።

«አለቀ» ስትለኝ አላመንኋትም። ለጥቂት ደቂቃ ኦክስጅን ብቻ ስስብ ቆይቼ ጭንቅላቴ ጠራ፣ ከእህቴ ጋር በእግሬ ገባሁ። ማታ ደግሞ ራሷ ደውላ «ደሙ ቆመልሽ?» አለችኝ።

ዶክተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይባረክ! በፍርሃት ጥርሳችሁን ያቆያችሁ፣ ሂዱላት። ልጆቻችሁንም በጉልበት አስይዛችሁ አታስነቅሉ፣ እባካችሁ፤ እኔ እስከዛሬ ያን ቀን አልረሳሁትም። ዋጋው ከተራው ይጨምራል፣ ግን ይገባዋል። አድራሻዋን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የፊታችን ሰኞ እናቴን ይዣት እሄዳለሁ።