ጣና ላይ ያዋለንን ልጅ ሳላመሰግነው ብቀር ይቆጨኛል

እኔ ብዙ ጊዜ የምጽፈው መብራት ሲጠፋ ለማማረር ነው። ዛሬ ላመስግን ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ባለፈው ረቡዕ ከባህር ዳር ተነስተን ጣና ጨርቆስንና ዘጌን በአንድ ቀን ተሳልመን ተመለስን። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አባቴና ከእስራኤል የመጣ እንግዳችን። የወሰደን አስጎብኚ ስሜን እንዳታወጣ ብሎ ለምኖኛል። «ወንድሜ፣ ስልኬ እረፍት ያጣል» ነው ያለኝ። ስለዚህ ልጁ እያልኩ ልቀጥል። ልጅ ስላችሁ ግን ሠላሳን አልፏል፤ አባቴ «ልጄ» እያለ ሲጠራው ስለዋለ ነው የለመደብኝ።

መጀመሪያ ስለ እንግዳችን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም። አባቴ በወጣትነቱ ጎንደር አስተማሪ ነበር። ጎረቤቶቹ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወጣ፣ ዘመቻ ሰለሞን የሚባለው፣ እነሱም አብረው ሄዱ። ትንሹ ልጃቸው ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኖ መጣ። አማርኛው የእናቱ አማርኛ ነው፣ እዚያው 83 ላይ የቆመ። ቤት እንደገባ «በቃ ፈታ በል» ብለው «ምኑን ልፍታው?» አለኝ፣ የምሩን ነው።

ፍላጎቱ አንድ ነበር። «የእናንተም የእኛም እምነት የሚታይበትን ቦታ አሳዩኝ» አለ።

እኔ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አስጎብኚ የሚባል ነገር ጠልቼ ነበር። ያኔ ሌሎች እንግዶች ይዤ ሄጄ ከጀልባ መነሻው ላይ አንዱን ሰው አግኝቼ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ዋጋውን መሬት ላይ ተስማምተን ውሃው መሀል ስንደርስ ጨመረብን። እሱስ ይሁን። ያናደደኝ ወሬው ነው። ያየው ድንጋይ ሁሉ ሦስት ሺህ ዓመቱ፣ ያየው መጽሐፍ ሁሉ በዓለም የመጀመሪያው። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ትንሽ ከቆየን ጣናንም ሰለሞን ነው ያስቆፈረው ይለናል» አለኝ።

እናም ዘንድሮ ሰው ጠየቅሁ። ጎረቤታችን ቄሱ ይህን ልጅ ጠቆሙኝ። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የቆየ፣ ግእዙን የሚያውቅ፣ ከዚያ ነው ወደ ቱሪዝም የገባው።

ደወልኩለት። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጥያቄ ጀመረ። የአባትህ ጉልበት እንዴት ነው? እንግዳህ የማን እርድ ነው የሚበላው? ቅዳሜ እንሂድ ስለው ዝም አለና «ቅዳሜማ ሰንበቱ አይደል እንዴ? ጀልባ ላይ ላይሳፈር ይችላል፤ እስቲ ጠይቀው» አለኝ። እኔ ቤት ያሳደርኩትን ሰው አልጠየቅሁትም! ብጠይቀው እውነትም ቅዳሜ አይንቀሳቀስም፤ እንግዳ ስለሆነ አፍሮ ዝም ብሎ ኖሯል። ረቡዕ አደረግነው። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ዳቦ ስንቋጥር የእርዱ ነገር በዚያው አለቀ። ሦስታችንም ከአንድ ሳህን በላን።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። ለምን እንዲህ በጠዋት ስለው ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ሩቁን መንገድ ውሃው ሳይቆጣ ነው መጨረስ አለ። የአደጋ ጊዜ ሰደርያውን ለአባቴ ራሱ አለበሰው። አባቴ «እኔ እኮ ዓባይ ዳር ነው ያደግሁት» ብሎ ሊያወልቅ ሲል «እሱማ አባባ፣ ዓባይ ያውቅዎታል፤ ጣና ግን አላወቀዎትም» ብሎ ገመዱን ጠበቅ አደረገው። አባቴ ሳቀና ተወው። እኔ ብለው ኖሮ እስከ ማታ እንከራከራለን።

መንገድ ላይ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው የሚቀዝፉ ሰዎች አገኘን። እንግዳችን ቆሞ አያቸው። አባቴ «የሙሴ እናትም ልጇን ያስቀመጠችው በደንገል ሣጥን ነው» ሲለው ቃሉን በዕብራይስጥ ለራሱ ደጋገመው። ልጁ ምንም አልጨመረም። የሚናገርበት ቦታ እንደሆነ እያወቀ ዝም ያለ አስጎብኚ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

አንድ ነገር ልናገር፣ ባለጀልባው ቅር አይበለው፣ ደግ ሰው ነው። እንግዳው ከወዴት እንደሆነ ሲሰማ «አሃ፣ ፈላሻ ነዋ!» አለ። ቤተ እስራኤሎች ስሙን እንደ ስድብ ነው የሚያዩት፤ እሱ ግን በክፋት አይደለም፣ ሲባል ስለሰማ ነው። ልጁ ሞተሩ አጠገብ ሄዶ ቁጭ አለና በለሆሳስ አንድ ሁለት ነገር ነገረው። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ባለጀልባው ቀኑን ሙሉ «እንግዳችን» እያለ ነበር የሚጠራው፤ ስንወርድ ደግሞ እጁን ይዞ ያወረደው እሱ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ጨርቆስ ደረስን። ጨርቆስ ወደ ምሥራቁ ዳር የተጠጋች ናት፣ በወሰን የጎንደር። (ጎንደሬዎች አትቆጡ፣ ጀልባው ግን የእኛ ነው።) አባቶች ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 600 ዓመት እዚህ ነበረች ይላሉ። እመቤታችንም በስደቷ ጊዜ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ዐርፋባታለች ይላሉ፤ ቅዱስ ያሬድም እንዲሁ ተቀምጦባታል ይባላል። ክርስትና ሳይመጣ በፊት ደግሞ ቦታው የኦሪት መሥዋዕት የሚቀርብበት ነበር ነው የሚባለው። ለእንግዳችን የመረጥንለትም ለዚህ ነው።

አንድ አባት ወደ ድንጋዮቹ ወሰዱን። የተጠረቡ አጫጭር ዓምዶች ናቸው፤ አናታቸው ላይ እንደ ጽዋ የተጎደጎደ ነገር አላቸው። አባ ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ወደ ላይ ብድግ እያደረጉ ካህኑ ደሙን እንዴት ይረጭ እንደነበር አሳዩን። እንግዳችን የሆነ ነገር በዕብራይስጥ ማጉረምረም ጀመረ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4ን ከፈተና በአማርኛ አነበበለት፤ ካህኑ ጣቱን ከደሙ ነክሮ ሰባት ጊዜ ይረጫል፣ የቀረውን ከመሠዊያው ሥር ያፈስሳል የሚለውን። አንዱ በዚያ ቋንቋ አንዱ በዚህ ቋንቋ ያንኑ ቦታ እየተቀባበሉ፣ አባ ደግሞ ጣታቸው ገና ድንጋዩ ላይ ነው። ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁም።

ከዚያ እንግዳችን ጥያቄ ጠየቀ፤ መሐንዲስ ነው፣ ቁጥር ይወዳል። «ታቦቱን ወደ አክሱም ያስወሰደው ማን ነው?»

«ንጉሥ ኢዛና ይላሉ።»

«ከሰለሞን እስከ ኢዛና ስንት ዓመት ነው?»

«ወደ 1,300 ገደማ።»

«እዚህ 600 ከቆየ፣ ሌላውስ?»

ልጁ ሳያቅማማ «አላውቅም» አለ። «ክብረ ነገሥትም ይህችን ደሴት በስሟ አይጠራትም። አባቶቻችን የተቀበሉትን ነግረውሃል፤ እኔ ደግሞ ክፍተቱን በልቦለድ አልሞላልህም።» እኔ አባ ይቀየማሉ ብዬ ፈራሁ። አባ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው «አላውቅም ያለ አልዋሸም» አሉና ወደ ጥላው ሄደው ተቀመጡ።

ይህን ልጅ የማመሰግነው በዋናነት ለዚህ ነው። «ነው» የሚለውና «ይላሉ» የሚለው አይደባለቁበትም። እምነቱን አላናናቀም፤ ድንጋዩን ራሱ ተሳልሞ ነው የተነሳው። ግን አንድ ጊዜ አላውቅም ስላለን ቀኑን ሙሉ የነገረንን ሁሉ አመንነው።

አምስት ሰዓት ላይ ተነስተን ምሳችንን ውሃው ላይ በላንና ስምንት ሰዓት ገደማ ዘጌ ገባን። ዘጌን የማያውቅ ጎጃሜ ስለሌለ ብዙ አልልም። በሬ የማይጠመድበት፣ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ የሚበቅልበት ምድር፤ ይህንንም አቡነ በትረ ማርያም ያዘዙት ነው ይባላል። ከጀልባው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ልጁ ከጀልባው ውስጥ አንድ ዱላ አወጣና ለአባቴ ሰጠው። ማታ ስለ ጉልበቱ ስለነገርኩት ከቤቱ ይዞ መጥቶ ነው! ለስላሳ፣ ጫፉ ብረት ያለው፣ ጥሩ ዱላ። አባቴ መጀመሪያ «ምን ሊያደርግልኝ» አለ፤ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ተደገፈው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ልጁ ግድግዳው ላይ ያለውን የግእዝ ጽሑፍ እያነበበ ሲተረጉምልን ቆየ። የበላኤ ሰብእ ሥዕል ጋ ስንደርስ ግን ዝም አለና ወደ አባቴ ዞረ። «አባባ፣ ይህን እርስዎ ይንገሩት።» አባቴ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው፤ ከተጠየቀ አይቆምም። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላውን ሰውዬ፣ በእመቤታችን ስም የሰጠውን ጥርኝ ውሃ፣ ሚዛኑን፣ ሁሉንም ተረከው። ውሃ የለመነውን ድውይ ድምፅ ሳይቀር አስመሰለው። ሌሎች ጎብኚዎችም ቆመው ሰሙት። አባቴን እንደዚያ ፊቱ በርቶ ካየሁት ቆይቻለሁ፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይመስለኛል።

ከዚያ ልጁ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን አከፋፈላቸውን አሳየው። እንግዳችን በጣቱ ቆጠረ። «እኛም ጋ ሦስት ነበር፤ ኡላም፣ ሄኻል፣ ድቪር» አለ። የሰለሞንን ቤተ መቅደስ ማለቱ ነው። ልጁ «ሄኻል? በግእዝም እኮ ሀይከል አለ፣ ቤተ መቅደስ ማለት ነው» ሲለው ሁለቱም እንደ ሕፃን ሳቁ። ከዚያ በኋላ እስከ ባህር ዳር ድረስ ቃል ሲለዋወጡ፣ ይህስ በናንተ ምንድን ነው ሲባባሉ፣ እኔና አባቴ ተረሳን።

እንከኑን ካልነገርኳችሁ የተከፈለኝ ይመስላችኋል። ልጁ ሰው ይዞ ሲወጣ ስልክ አያነሳም፤ መልእክት ላኩና ማታ ጠብቁ። ርካሽም አይደለም። ግን የተናገረውን ዋጋ አልቀየረም፤ ለገዳማቱ የሚከፈለው ለብቻ እንደሆነ አስቀድሞ ነግሮን በየቦታው ደረሰኝ አስቆርጦልናል። የጀልባው ጥላ አንድ ጎኑ የተቀደደ ስለሆነ ስንመለስ ፀሐዩ ግራ ጆሮዬን ጠብሶኛል፤ ይህ የባለጀልባው ዕዳ ነው። ደግሞ ልጁ ወፍ ሲያይ ጀልባ ያስቆማል። አንድ ሦስት ጊዜ አስቁሟል። እኔ ወፍ አይገባኝም።

ለመሄድ የምታስቡ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ የምታወልቁበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ካልሲ አድርጉ፣ ዝርዝር ብር ያዙ። ሴቶች ካላችሁ የት የት መግባት እንደሚቻል አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ሁለቱንም በአንድ ቀን የምትሉ ከሆነ በጠዋት ካልተነሳችሁ አይሆንም። ሐይቁን የሚሸፍነው አረም፣ እምቦጩ፣ በበዛበት ወቅት ደግሞ የሚያዞርበትን መንገድ እሱ ያውቃል።

እንግዳችን እሑድ ሄደ። ልጁ ትናንት ደውሎ ነበር፤ የዚያን 600 ዓመት ነገር አንድ መምህር ጠይቆ እሳቸውም ሌላ መምህር እንደጠቆሙት፣ መልስ ሲያገኝ ለእንግዳችን እንደሚልክለት ነገረኝ። እኔ ረስቼው ነበር።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ለየካቲት 16 ግን አትጠይቁት፤ የኪዳነ ምሕረት ለት አባቴ ኡራ ለመሳለም ይዞታል። ዱላውንም ያኔ እመልሳለሁ ብሏል። እኔ የሚመልሰው አይመስለኝም፤ ዛሬ ጠዋት ወደ ገበያ ይዞት ወጥቷል።