የአይድራክ የዳይሬክተሪ መግቢያ፦ አጭር ግምገማ

የዴል አይድራክ፣ ሰርቨሩ ተዘግቶ ቢሆንም ከርቀት ለማስተዳደር የሚያስችል ሃርድዌር ሲሆን፣ ተጠቃሚዎችን በየማሽኑ ከመመዝገብ ይልቅ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት ማዕከላዊ የተጠቃሚዎች መዝገብ) ወይም ከኤልዳፕ (እንዲህ ያሉ መዝገቦችን መጠየቂያ ፕሮቶኮል) ጋር መገናኘት መቻሉ ዋነኛ ብልጫው ነው፤ ለዚህ ግን የኢንተርፕራይዝ ደረጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ አማራጮች መደበኛውን ስኪማ (የመዝገቡን የመረጃ አወቃቀር) እመርጣለሁ፤ የዳይሬክተሪውን መዋቅር ሳይለውጥ ለነባር ቡድኖች የሥልጣን ደረጃ መስጠት ያስችላልና። ተጠቃሚዎቹና ቡድኖቹ በተለያዩ ዶሜኖች (የዳይሬክተሪው ክፍሎች) ከሆኑ የግሎባል ካታሎግ (የሁሉም ዶሜኖች የጋራ ማውጫ) አድራሻም መሞላት ስላለበት፣ ፋየርዎሉ ለተመሰጠረ ኤልዳፕ ከሚያገለግለው ፖርት 636 በተጨማሪ የግሎባል ካታሎጉን 3269ን መፍቀድ ይኖርበታል። የዳይሬክተሪው ሰርቨር ትክክለኛ መሆኑን የሚያጣራውን የሰርተፊኬት ማረጋገጫ ማጥፋት ለሙከራ ይመቻል፤ በዚያው መተው ግን (ብዙዎች እንደሚያደርጉት) የይለፍ ቃሎችን ለአስመሳይ ሰርቨር ያጋልጣል። የዳይሬክተሪ ቅንብሩን የሚፈትሸው የመሞከሪያ አዝራር ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳይ እጅግ ጠቃሚ ነው። ዳይሬክተሪው ሲቋረጥ ለመግባት አንድ የውስጥ (በራሱ በአይድራክ የተመዘገበ) አስተዳዳሪ አካውንት ሊቀመጥ ይገባል።